ማኅበሩ ያውቃል

ቤት ሲያረጅ ከየስንጥቁ አይጥ ይወጣል፤ መንግሥት ሲያረጅ ግን ከየስንጥቁ የሚወጣው ሀገር አዳኝ ነው። አይጥ ይሻላል። አይጥ ዳቦህን በልቶ ዝም ይላል፤ አዳኝ ግን ዳቦህን በልቶ ሲያበቃ ንግግር ያደርጋል። በኛ ዘመን የቱርክ ሱልጣን በሚገዛት ሰሎኒካ ላይ ድንጋይ ብትወረውር የሚያርፈው ከአንድ ሀገር አዳኝ አናት ላይ ነበር፤ ከሳተው ደግሞ ለመሐላ ተራ የሚጠብቀውን ያገኘዋል። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ነበረው። ለኛ ሰፈር የደረሰን ክቡር ሙህሊስ ቤይ ነው፤ የነፃነት ምሰሶ፣ የሕዝብ ብርሃን፣ የመሬት መዝገብ ቤት ሁለተኛ ጸሐፊ።

እኔ ራሲም እባላለሁ፤ ሥራዬ ታርቡሽ፣ ያን ቀይ ቆብ፣ መተኮስ ነው። ሰው የተጨማደደ ታርቡሹን ያመጣልኛል፣ እኔ ከናስ በተሠራ ቅርጽ ላይ አጥልቄ በእንፋሎት ወጥሬ እመልስለታለሁ። እስኪደርስለት ራሱን ገልጦ ቁጭ ይላል። ራሱን ገልጦ የተቀመጠ ሰው ትንሽ ያፍራል፣ ካፈረ ደግሞ ብዙ አይዋሽም። ሙህሊስ ግን ባዶ ራሱንም ቢሆን አያፍርም ነበር። የኔና የሱ ቤት አንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። አብረን አፈር ፈጭተን፣ አብረን ከአንድ መምህር ተገርፈን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ የምናገረው ከወሬ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ሱልጣኑ በየማዕዘኑ ሰላይ ስለነበረው፣ እሱ የሻረውን ሕገ መንግሥት ሊያስመልስ የተነሣው የማኅበሩ ነገር ምስጢር ነበር። ሙህሊስም ምስጢር ጠባቂ ነው፤ ምስጢር መጠበቁን ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገራል። ሱቄ ሲገባ ግራ ቀኙን አይቶ፣ መጋረጃውን ገልጦ፣ የውሃ ባልዲዬን ሳይቀር ተመልክቶ ነው የሚቀመጠው።

“ራሲም፣ አንድ ነገር እየመጣ ነው።”

“ምን?”

“አትጠይቀኝ።”

“እሺ።”

ቅር ብሎት፣ “ጭራሽ አትጠይቀኝም?” አለኝ።

“እሺ ማን ነው የሚያመጣው?”

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ጣራ ጣራ እያየ፣ “ማኅበሩ ያውቃል!” አለ።

ይቺ ቃል መድኃኒቱ ነበረች። ዳቦ ለምን ተወደደ? ማኅበሩ ያውቃል። ዝናብ መቼ ይዘንባል? ማኅበሩ ያውቃል። ሚስት ለምን አታገባም ሲሉት እንኳ እንደዚያው ይመልስ ነበር።

አንድ ዐርብ ከሰዓት በኋላ እኔንም አስማለኝ። ዓይኔን በጥቁር ጨርቅ አስረው ሁለት ሰዎች እየመሩ አንድ ሰዓት ሙሉ አዞሩኝ። ቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ወረድን፣ ዓሣ ገበያውን አለፍን፣ ዳገት ወጣን፣ ደግሞ ወረድን። በመጨረሻ ደረጃ ወጥተን አንድ ክፍል ገባን። አንዱን እጄን ቁርኣን ላይ፣ ሌላውን ሽጉጥ ላይ አስቀመጡት። ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ፣ “ምስጢር ብታወጣ ይህ ሽጉጥ ይፈርድብሃል!” አለኝ። ይኼኔ ከታች የሴት ድምፅ መጣ።

“ሙህሊስ! ስንት ጊዜ ልናገር? እንግዶችህ ጫማቸውን ያውልቁ! ምንጣፉን ዛሬ ነው ያጠብኩት!”

ያ ወፍራም ድምፅ ቀጥኖ፣ “እሺ እማዬ” አለ።

ሁላችንም ጫማችንን አወለቅን። ሀገር ለማዳን የማልነው በካልሲ ቆመን ነው። ስንጨርስ እናቱ እማማ ማክቡሌ እንደገና ተጣሩ፦ “ራሲም፣ አንተም አለህበት? ስትወርድ ለሚስትህ ለሃጀር የበለስ ማርማላታ ይዘህላት ሂድ!” አንድ ሰዓት ሙሉ ከተማውን ዞሬ የመጣሁት ከኔ ቤት አጠገብ ካለው ቤት ነበር።

እንዲህ እያልን ስንስቅ በሐምሌ ወር ነገሩ የምር ሆነ። ጦሩ አምፆ ተራራ ላይ ወጣ፣ ሱልጣኑ ደነገጠ፣ ሕገ መንግሥቱ ተመለሰ። ሰሎኒካ አበደች። ኢማሙ ቄሱን አቀፈ፣ ቄሱ የአይሁዶቹን መምህር አቀፈ፣ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ይሳሳማል። ሙህሊስ አደባባዩ ላይ ካለ ሰገነት ቆሞ ሁለት ሰዓት ተናገረ። ከዚያም ወርዶ ከሱቄ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ያለውን ግሪካዊውን ስታቭሪን ጨምቆ ያዘና ሁለት ጉንጩን ሳመው። “ከዛሬ ጀምሮ ግሪክ የለም፣ ቱርክ የለም፣ ቡልጋር የለም! ወንድሜ ነህ!” አለው። ስታቭሪ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ሰው ነው። መነጽሩ ወድቆ እየፈለገ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ዛሬ ብዙ ነገር አፍርበታለሁ፣ በዚያ ለቅሶ ግን አላፍርም።

እዚያው ሰዉ መሀል አንድ ተሸካሚ ቁምሳጥን በጀርባው አዝሎ መንገድ አጥቶ ቆሟል።

“ቤይ፣ ነፃ ወጣን ነው የሚሉት?”

“ነፃ ወጣህ ወንድሜ!”

“እንግዲያ ይሄን ቁምሳጥን ማን ይሸከመዋል?”

“ሕዝቡ! ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ሕዝቡ ነው የሚሸከመው!”

“ሕዝቡ ማነው?”

“አንተ ነሃ!”

ተሸካሚው ቁምሳጥኑን ወደ ትከሻው ከፍ አደረገና፣ “እንዲያስ ከሆነ ድሮም ሕዝብ ነበርኩ” ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ከሦስት ወር በኋላ ኦስትሪያ የኛ የነበረችውን ቦስኒያን ጠቅልላ ወሰደች። ሀገር አዳኞቻችን የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን መጣል የጀመሩት ያኔ ነው። ታርቡሽ ደግሞ፣ የኛ ምልክት ነው እያልን የምንኮራበት ታርቡሽ፣ የሚሠራው ኦስትሪያ ነው። ሙህሊስ ነጭ የበግ ፀጉር ቆብ ደፍቶ፣ ሃምሳ የሚሆን ሰው አስከትሎ ሱቄ ደጃፍ ቆመ።

“ባለሙያው ራሲም! የጠላትን ቆብ አውጣ!”

“የማን ቆብ ነው? የሰው አደራ ነው እኮ። ያ የቃዲው ነው፣ ያ የዳቦ ጋጋሪው ነው...”

“ሀገር ከሆድ ይበልጣል!”

“ያንተ ደሞዝ ከኦስትሪያ አይመጣም። እኔ ምን ልብላ?”

“ማኅበሩ ያውቃል!”

ሃምሳው ሰው አጨበጨበ። ከመደርደሪያዬ አንድ በአንድ እያወረዱ ቀደዱት። የመጀመሪያውን የቀደደው ራሱ ሙህሊስ ነው፤ ታርቡሽ በቀላሉ አይቀደድም፣ ላብ አጠመቀው። እኔ የናስ ቅርጾቼን አቅፌ ጥግ ላይ ቆምኩ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ በጓሮ በር ተንኳኳ። ሙህሊስ ነው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል።

“ምንድነው?”

“ዝም በል። ነገ ከፓሻው ጋር ፎቶግራፍ እነሣለሁ። በዚያ በግ ቆብ ቁራ ጎጆ የሠራብኝ መስዬ መታየት አልችልም።”

ተኮስኩለት። ምን ላድርግ፣ አብሮ አደጌ ነው። ግን እንፋሎቱን ስለቅበት ጥርሴን ነክሼ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የምነግራችሁ የሚያስቅ ነው። እያንዳንዳችሁ እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ። ከዚህ በኋላ ግን ያ ሰው ሥልጣን አገኘ።

ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ምርጫ መጣ። ስታቭሪ፣ ያ ዓይን አፋር ሰው፣ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ከማኅበሩ ተቃዋሚዎች ጋር ቆመ። ነፃነት አለ የተባለውን የምር ቆጥሮታል። ሙህሊስ አሁን የማኅበሩ ክለብ ኃላፊ ሆኗል፤ ባለ ክንድ ወንበር፣ ስልክ፣ በሩ ላይ ዱላ የያዙ ሁለት ጎረምሶች አሉት። ለመራጩ፣ “ድምፃችሁ ነፃ ነው፤ የት እንደምትጥሉት ግን ማኅበሩ ያውቃል” ይል ነበር። የምርጫው ዕለት ጠዋት ስታቭሪ ወደ ድምፅ መስጫው ሳጥን ሲሄድ ዱላ የያዙት መንገድ ላይ ጠበቁት። ቀኝ እጁን ቀጠቀጡትና አስረው ወሰዱት።

ክለቡ ድረስ ሮጥኩ።

“ሙህሊስ፣ ስታቭሪን አስራችሁታል።”

ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ “እኔ ሰው አላስርም። ማኅበሩ ነው” አለኝ።

“አንተ ማኅበሩ አይደለህም?”

“ማኅበሩ ከሁላችን በላይ ነው።”

“አደባባይ ላይ አቅፈህ ስመኸው ነበር። ሰው ሁሉ አይቷል።”

“ያኔ ሁኔታው ሌላ ነው። አሁን ሀገር አደጋ ላይ ናት።”

“ሀገር ባንተ አፍ አደጋ ላይ ያልነበረችበትን አንድ ቀን ንገረኝ።”

እንደ ድሮው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። “ይህን ሌላ ሰው ተናግሮት ቢሆን...” አለና ተወው። መጨረስ አላስፈለገውም። ከአንድ ገበታ የበላሁት ሰው እኔን እየመዘነኝ ነበር፣ ልታሰር ወይስ ልለቀቅ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላሁት። በስታቭሪ ላይ ስላደረገው ብቻ አይደለም፤ ስላስፈራኝም ነው።

ስታቭሪን ያስፈታው እኔ አይደለሁም፣ ሕገ መንግሥቱም አይደለም። እማማ ማክቡሌ የልብ ድካም ነበረባቸው፤ በየቀኑ የሚወስዱትን ጠብታ የሚቀምምላቸው ስታቭሪ ነው። ነገሩን ከሃጀር ሲሰሙ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሦስት ቦታ ላይ ዐርፈው ክለቡ ደረሱ። ጎረምሶቹ ሊያስቆሟቸው ሲሞክሩ በከዘራው ጉልበት ጉልበታቸውን ነካ ነካ አድርገው አለፏቸው። ከባንዲራው ሥር ካለው ሶፋ ላይ ተቀመጡ።

“እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? እዚህ ሴት አይገባም እኮ!”

“ነፃነት አይደል እንዴ? ሰገነት ላይ ቆመህ የጮህከው ለኔ አይደለም?”

“እማዬ፣ ሰው እየሰማ ነው።”

“ይስማ! መድኃኒት ቀማሚዬን አስረሃል። እስኪፈታ ከዚህ አልነሣም። ብሞትም ከባንዲራ ሥር ነው፣ ሬሳዬን አንተው ታወጣዋለህ።”

“ይሄ በኔ እጅ ያለ ነገር አይደለም። ማኅበሩ...”

“ማኅበሩን ጫማህን አውልቅ ያልኩት እኔ ነኝ!”

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስታቭሪ ተፈታ። ሦስት ጣቶቹ ግን እንደተጣመሙ ቀሩ። ቤቱ ሄጄ እጁን ሳስርለት ፈገግ ብሎ፣ “ታውቃለህ ራሲም፣ ዱላውን የያዘው ልጅ ከመምታቱ በፊት ‘ይቅርታ ወንድሜ’ ብሎኛል። ወንድማማችነቱስ አልቀረም” አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። በኛና በሙህሊስ ቤት መሀል ያለው ግድግዳ ያን ጊዜ በእጥፍ ቢወፍርልኝ እወድ ነበር። ስንገናኝ ሰላምታ አልሰጠውም፤ እሱም መንገድ ይሻገርልኛል።

በተከታዩ ጥቅምት ከግሪክና ከቡልጋሪያ ጋር ጦርነት መጣ። ሀገር አዳኞቹ እንደገና ሰገነት ላይ ወጡ። “በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁርሳችንን ሶፊያ!” ብለው ጮሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የራሳችን ወታደር ጫማውን ጥሎ፣ ተርቦ፣ ሰሎኒካ ገባ። ከኋላው ከየገጠሩ የተነቀለ ሕዝብ በበሬ ጋሪ እየጎረፈ መስጊዱን ሁሉ ሞላው። የግሪክ ጦር ከበር ደርሷል ተባለ። የመጨረሻዎቹ መርከቦች ወደብ ላይ ቆመዋል፤ የሚሳፈረው ግን ወረቀት ያለው ብቻ ነው፣ ወረቀቱን የሚያድለው ደግሞ ማኅበሩ ነበር። ሃጀር የአርባ ቀን አራስ ናት። ልጃችን ሴት ነች፤ ሌት ተቀን ታለቅሳለች። በራችንን ዘግተን ቁጭ አልን።

ጠዋት ላይ በር ተንኳኳ። ሙህሊስ ነው። ጢሙ አድጓል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ሰባት ወር ሙሉ ቃል ያልተለዋወጥን ሰዎች ቆመን ተያየን።

“መቼ ነው የምትሄደው?” አልኩት፤ ሄዶልኝ ባረፍኩ በሚል ድምፅ ነው ያልኩት።

ከኪሱ ሁለት ወረቀት አወጣ። “ለኔና ለእማዬ የተሰጠ ነው። እሷ አልጋ ላይ ናት፤ ከደረጃው ካወረድኳት ትሞታለች። አንተና ሃጀር ውሰዱት። ሕፃን ያለ ወረቀት ያልፋል፣ ጠይቄያለሁ።”

“አንተስ?”

“እናቴን ትቼ የት እሄዳለሁ?”

“ግሪኮቹ እኮ ስምህን ያውቃሉ። ከገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት አንተን ነው። ማኅበሩ ምን ይላል?”

የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ጫማውን እያየ፣ “ማኅበሩ ሰኞ ዕለት ሄዷል” አለ።

ወረቀቱን አልቀበልም ልል ፈልጌ ነበር። ያኔ ልጄ አለቀሰች። ተቀበልኩት። አላመሰገንኩትም፤ ይቅርታም አልጠየቀኝም። ሃጀር ብቻ ከኋላዬ መጥታ፣ “ሙህሊስ ወንድሜ፣ ቁርስ በልተሃል?” አለችው። አልበላም ነበር። ቆሞ ዳቦ በአይብ በላ፣ ፍርፋሪውን ከደረቱ አራግፎ ጓዛችንን ተሸክሞ ወደብ ድረስ ሸኘን።

ወደቡ የሰው ባሕር ነበር። በጀልባ ወደ መርከቡ ወሰዱን። ከመርከቡ ጫፍ ላይ ሆነን ስናይ ሙህሊስ አንድ የዘይት በርሜል ላይ ወጥቶ ቆሟል። እጁን ያወናጭፋል፣ ደረቱን ይመታል፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል። ንግግር እያደረገ ነው። ከበርሜሉ ሥር የሚሰማው ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ ጀልባው ይጋፋል። የመርከቡ ፊሽካ ጮኸ።

“ምን እያለ ነው?” አለችኝ ሃጀር።

“አይሰማም።”

ሃያ ዓመት ያንን ሰው ስሰማ መቼ ነው የሚያበቃው እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን ፊሽካው ዝም እንዲልልኝ ተመኘሁ።

ኢስታንቡል ስንደርስ ሀገር አዳኞቹን አገኘናቸው። ሰኞ ዕለት የሄዱት አውቶሞቢል እየነዱ፣ ሚኒስትር ሆነው፣ ሀገሩን እንደገና ሊያድኑ ነበር። እኛ አንድ መስጊድ ግቢ ውስጥ ከአሥራ አንድ ቤተሰብ ጋር በመጋረጃ ተከፋፍለን ከረምን። በግንቦት ከስታቭሪ ደብዳቤ መጣልኝ። በግራ እጁ ነው የጻፈው፤ ፊደሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

“እማማ ማክቡሌ በጥር አረፉ” ይላል። “እስከመጨረሻው ጠብታቸውን አልተውኩም። እኔ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ማንጠባጠብ አልቻልኩም፤ ማንኪያውን የሚይዘው ቤቱ ተደብቆ የነበረው ሙህሊስ ነበር። በየማታው እየመጣሁ እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ያንጠባጥባል። ሁለት ወር ተኩል እንዲህ ስናደርግ ስለ እጄ አንድ ቀን አላነሣም። እኔም አላነሣሁበትም። እናቱን በቀበረ ማግስት ግን ራሱ ሄዶ ለግሪኩ መኮንን እጁን ሰጠ። የሄድኩት ላስተረጉምለት ነው። መኮንኑ ፊት ቆሞ ስለ ሕገ መንግሥት ንግግር ጀመረ። ግማሹን ቆርጬ ነው የተረጎምኩት፤ ባልቆርጠው እስካሁን እዚያው ነበርን። መጨረሻ ላይ የተናገረውን ግን ሳልቆርጥ አስተላለፍኩ፦ ‘የዚህን ሰው እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ። መዝገብ ላይ ይጻፍ’ አለ። መኮንኑ ለምን እንደሚያስፈልገው አልገባውም፤ ጻፈው። አንድ ደሴት ላይ ወዳለ የምርኮኞች ሰፈር ወሰዱት። በመጋቢት በተስቦ ሞተ። ራሲም፣ ሌላ የምነግረው ዘመድ ስላጣሁለት ነው የጻፍኩልህ።”

ደብዳቤውን ለሃጀር አነበብኩላት። ዱቄትና ቅቤ አመጣችና ለሙታን ነፍስ የምናዘጋጀውን ሃልዋ ማማሰል ጀመረች። ክንዷ እስኪዝል አማሰለች። በየሳህኑ አድርጌ ከመጋረጃ መጋረጃ እየዞርኩ አደልኩ። በበሩ በኩል የሞናስቲር ሰው የሆነ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። ሁለት ልጆቹን በዚያ ጦርነት አጥቷል። አንድ ጊዜ ጎርሶ፣ “ጣፋጭ ነው። ለማን ነፍስ ነው?” አለኝ።

ነገርኩት።

የጎረሰውን መሬት ላይ ተፋው። “ያ ሙህሊስ? የክለቡ ሙህሊስ? አንደበቱ የተረገመ! ስንቱን ልጅ በንግግር አስፈጅቶ፣ ስንቱን ሰው በዱላ አስቀጥቅጦ፣ ሀገር ሸጦ የሞተ ውሻ! ለሱ ነው ሃልዋ የምታበላኝ?”

የሁለት ልጆች አባት ነው። ከተናገረው ሁሉ አንድም ሐሰት የለበትም፤ እንዲያውም እኔ ብጨምርለት ከሱ የበለጠ አውቃለሁ። ሳህኑን ከእጁ ተቀበልኩትና፣ “እውነትህን ነው” አልኩት፣ “ሁለተኛ ግን ስሙን እንዳታነሣብኝ።”